ኤክስሬይና የቀጮ ቅጠል

የልብስ ስፌት ፋብሪካው ሴቶች «ኤክስሬይ» ይሏታል። ፊት ለፊቷ «እትዬ» ነች፤ ጀርባዋን ስትሰጥ ኤክስሬይ። እሷም ታውቃለች። ማወቅ ብቻ አይደለም፣ በሆዷ ትኮራበታለች፤ «ዝም ብለው አላወጡልኝም» ባይ ነች።

ሥራዋ ፍተሻ ነው። ከፋብሪካው ዋና በር አጠገብ በመጋረጃ የተከፈለች፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ አግዳሚ ወንበር ብቻ የምትይዝ ክፍል አለች። ፈረቃ ሲያበቃ ሴቶቹ አንድ በአንድ በዚያች ክፍል ያልፋሉ። እሷ ቦርሳቸውን ትከፍታለች፣ የምሳ ዕቃቸውን ክዳን ታነሳለች፣ ከብብት እስከ ቁርጭምጭሚት በመዳፏ ትዳስሳለች። ሃያ ሦስት ዓመት ይህንኑ ስትሠራ ኖራ መዳፏ ከዓይኗ በላይ ያያል። ቅርብ ጊዜ የወለደች ሴት ሆድ ወገብ ላይ ከተጠመጠመ ጨርቅ በልብስ ላይ ይለይላታል። አንዴ አንዲት ልጅ በተጠቀለለ ፀጉሯ ውስጥ ዚፕ ሸሽጋ ልታልፍ ስትል «ምነው እህቴ፣ ዛሬ ጭንቅላትሽ ከበደሽ?» ብላ ይዛታለች። ያ ነገር ለወር ያህል በምሳ ሰዓት ተወርቶለታል።

ክፋቱ፣ ሥራው በሩ ላይ የሚቀር አልነበረም። ቤቷም ይዛው ትገባለች። ሱቅ ስትሄድ የምታየው ሚዛኑን ሳይሆን የባለሱቁን ጣት ነው። ሐኪም መድኃኒት ሲያዝላት ወረቀቱን ለሌላ ሐኪም ታሳያለች። ሌላ ከተማ ያገባች ሴት ልጇ ደውላ «ደህና ነን» ካለቻት «ታዲያ ለምን ድምፅሽን ዝቅ አደረግሽ?» ትላታለች። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ከመንገድ በገባ ቁጥር የሸሚዙን ኮሌታ አሽትታለች፣ ኪሱን ገልብጣለች፣ ጋቢናውን እጠርጋለሁ ብላ ከመቀመጫው ሥር እጇን ሰዳለች። አንድም ቀን ያገኘችው ነገር የለም። ሌላ ሴት ብትሆን ተመስገን ትል ነበር። እሷን ግን ከነከናት። «ወይ ንጹሕ ሰው ነው፣ ወይ ከእኔ ይብሳል» ትላለች።

ባልየው ጡረታ በወጣ ጊዜ ቤቱ ጠበበው። ሠላሳ ዓመት መሪ የጨበጠ እጅ ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም፤ የቧንቧውን ብሎን ፈትቶ መልሶ ያጠብቃል፣ ያልጮኸ የበር ማጠፊያ ዘይት ይቀባል። ሚስቱ ሥራ ውላ ስትገባ ሁልጊዜ አንድ ዕቃ ከቦታው ተነቃንቆ ታገኛለች፤ ለምን እንደተነቃነቀ ሳትጠይቅ አታልፍም። በመጨረሻ መጠየቁ ሰለቸውና በእግሩ መዞር ጀመረ።

አንድ ቀን ከሥራ ስትገባ ማዕድ ቤት ውስጥ እያፏጨ አገኘችው። ጠረጴዛው ላይ አንድ እስር ቅጠል በጋዜጣ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ቅጠል ነዋ።»

«ቅጠል መሆኑንማ አየሁት። የምን ቅጠል?»

«ቀጮ ይሉታል። የዱር ቁጥቋጦ ነው። ለጋ ለጋውን ቀንጥሰሽ ከእንቁላል ጋር ስትጠብሽው ጉድ ነው። ሾርባ ውስጥ ከከተትሽው ደግሞ አተር አተር ይላል።»

«ማነው እንዲህ ያለህ?»

«የምትሸጠው ሴትዮ ነቻ።»

ኤክስሬይ ከዚህ ሁሉ ወሬ «ሴትዮ» የምትለዋን ቃል ብቻ ይዛ ቀረች። ከእስሩ አንድ ቅጠል መዝዛ ወደ መስኮቱ ወሰደችው። ወፈር ያለ፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ በሰም የተወለወለ ይመስል የሚያብረቀርቅ ነው። ገለበጠችው። አሸተተችው። ምንም አይሸትም። ምንም አለመሽተቱም አልጣማትም።

«እኔ አልበላም» አለች።

«ማን ብይ አለሽ?» አለና ሰሃኑን ጥርግ አድርጎ በላ። እሷ ደረቅ ዳቦ እየቆረሰች ፊቱን ስታይ ቆየች፤ ላብ ላብ ይለው እንደሆነ፣ ዓይኑ ይቀላ እንደሆነ። አንዳች ነገር አልታየበትም። እንዲያውም ሆዱ ሲሞላ ወሬው ተከፈተና ስለ ድሮ መንገዶች፣ ፍሬን እምቢ ስላለው ቁልቁለት ሲያወራላት አመሸ።

ከዚያ በኋላ በየሁለት ቀኑ ማምጣት ጀመረ። ማምጣቱ ባልከፋ፤ ማለዳ ተነስቶ ጢሙን ይላጫል። ጫማው ላይ ቀይ ጭቃ ይታያል፣ ክንዱ ላይ ጭረት አለ። ለዓመታት ዝም ያለው ሰውዬ እያንጎራጎረ ይገባል። ኤክስሬይ ሁሉንም ትመዘግባለች፤ በጭንቅላቷ። «ቆይ፣ ሠላሳ ዓመት ያላገኘሁትን በጡረታ ዘመኑ ላገኘው ነው» አለች ለራሷ፤ እና፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከንዴቷ ጋር ትንሽ እንደ ደስታም ያለ ነገር ሽው አለባት።

ነገሩን ያጋለጠችው ግን የእስሩ ማሰሪያ ናት። አንድ ጠዋት እስሩን ስትፈታ ቅጠሉ የታሰረበት ጨርቅ እጇ ውስጥ ቀረ። ጣት የምታህል ጥብጣብ ነች፣ ሰማያዊ፣ ጫፏ ላይ ሁለት ነጭ መስመር የሮጠባት። መዳፏ ቀድሞ አወቃት። ይህ የጨርቅ ጠርዝ ነው፤ የእነሱ ፋብሪካ ጨርቅ፤ ያውም ለሆስፒታል ልብስ ተብሎ ከስምንት ዓመት በፊት ለአንድ ጊዜ ብቻ የመጣ፣ ከዚያ በኋላ ተመልሶ ያልታየ። ያን ጨርቅ ሰርቃ የተያዘች አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። የያዘቻትም ራሷ ኤክስሬይ ናት።

ቅዳሜ ሥራ የላትም። ባልየው ሲወጣ ቆይታ ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ተከተለችው። መኪና ማጠቢያውን አለፈ፣ ጋራዦቹን አለፈ፣ ከባድ መኪና እንዳያልፍበት ወደተከለከለው አሮጌ የብረት ድልድይ ሄደና በጎን ባለው መንገድ ወደ ወንዙ ወረደ። እሷ በድልድዩ ምሰሶ ተከልላ ቆመች። ከታች ወንዙ ቀጥኗል። ዳር ዳሩን ፌስታል የተንጠለጠለበት ቁጥቋጦ ወርሶታል። ባሏ አንድ ቅርንጫፍ ይዞ ቆሟል፤ አጠገቡ ጆንያ ያነገተች ሴት አለች። ሴትዮዋ ለጋውን ጫፍ በሁለት ጣቷ አጠፍ ስታደርገው ቀጭ! ብሎ ተሰበረ። ድልድዩ ሥር ድረስ ተሰማ።

«ሰሙት ጋሼ? ቀጭ ካለ ቀጮ ነው። እየተለመጠ እምቢ ካለ ግን ዲዳው ነው፤ ይገድላል፤ እጅዎን ሰብስበው ይሂዱ። መንትያ ናቸው፤ ዓይን አይለያቸውም።»

ባልየው ሳቀ። ሴትዮዋም ሳቀችና ፊቷን ወደ ድልድዩ መለሰች።

እሷው ናት። ጠቆር ብላለች፣ ጉንጯ ገብቷል፤ እሷነቷ ግን አይጠፋም። የስፌት መስመር ሦስት ሠራተኛ የነበረች፣ ያንን ሰማያዊ ጨርቅ ወገቧ ላይ አራት ዙር ጠምጥማ የተገኘች ሴት። የዚያኑ ዕለት ተባረረች። ኤክስሬይ በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ ብዙ ሰው ይዛለች፤ የተያዘ ሰው ያለቅሳል፣ ይለምናል፣ ይሳደባል። ይህች ግን ምንም አላለችም ነበር። ጨርቁን ከወገቧ ፈትታ፣ አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ ዓይን ዓይኗን አይታት ወጣች። ኤክስሬይ ያን አስተያየት ለረዥም ጊዜ አልረሳችውም።

ስለ ሌላ ሴት የነበራት ጥርጣሬ እዚያው ድልድዩ ሥር ወደቀና በምትኩ የከፋው ተነሳባት። መርዛማ መንትያ ያለው ቅጠል፣ ቂም ያላት ሴት፣ ባሏ። ምን ቀረ?

ሰኞ ጠዋት ከፋብሪካው ፈቃድ ጠይቃ ቅጠሉን በፕላስቲክ ከረጢት ቋጥራ ግብርና ቢሮ ሄደች። ባለሙያው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ቅጠሉን ከአንድ ወፍራም መጽሐፍ ጋር አስተያየው።

«እናቴ፣ እዚህ አካባቢ ሁለት ቁጥቋጦዎች አሉ» አላት። «አንደኛው ይበላል፣ ያውም ጥሩ ምግብ ነው። ሌላኛው ሰው ይገድላል። ቅጠላቸውን እዚህ ቁጭ ብዬ ልለይልዎት አልችልም። አበባውን ቢያመጡልኝ፣ ወይ ትኩሱን ከነቅርንጫፉ፣ ያኔ እናያለን።»

«ስለዚህ ይሄ መርዝ ሊሆን ይችላል።»

«ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል።»

ኤክስሬይ ከዚህ መልስ ውስጥ ግማሹን ብቻ ይዛ ወጣች።

ቤት እንደገባች የተረፈውን ቅጠል ከነድስቱ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ጨመረችው። ባልየው ባዶ ምድጃ ሲያይ ደሙ ፈላ።

«ምን ሆነሻል አንቺ ሴት? ድስቱስ ምን አደረገሽ?»

«ያቺ ሴትዮ ማን እንደሆነች ታውቃለህ? እኔ ያስባረርኳት ሌባ ነች! የያዘችህ በአንተ ሳይሆን በእኔ ቂም ነው። ቀስ እያለች ልትጨርስህ ነው።»

«ሁለት ወር ሙሉ በላሁ እኮ! ይኸው ቆሜያለሁ።»

«እስክትለምድ እየጠበቀች ነዋ!»

«እሺ፣ ልግደለው ያለች ሴት የሚገድለውን ቅጠል እንዴት እንደምለይ ለምን ታስተምረኛለች?»

«እንድታምናት!»

ባልየው ራሱን ያዘ። ከሚስቱ ጋር ክርክር እንደማይገፋ ሠላሳ ዓመት አይቶታል፤ የምትይዘው ማስረጃ ሁሉ ወደፈለገችበት ይዞርላታል። ሁለት ቀን ተኳርፈው ሰነበቱ። በሦስተኛው ቀን እጁን ሰጠ።

«ምን ባደርግልሽ ነው የምትተኚው?»

«ከእሷ አትግዛ። አጠገቧም አትድረስ።»

«ከእሷ አልገዛም። አጠገቧም አልደርስም። በቃ?»

«ማልልኝ።»

ማለላት። እሷም ለጊዜው ረካች። አንድ ሳምንት ኪሱንም ጫማውንም ፈትሻ ቀይ ጭቃ አላገኘችም።

ረቡዕ ቀትር ላይ ፍተሻ ክፍሏ ውስጥ ተቀምጣ ሳለ የበሩ ዘበኛ መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ «እትዬ፣ ስልክ ይፈልጉሻል፤ ጎረቤትሽ ነች መሰለኝ፣ ትጮኻለች» አላት። ጎረቤቷ ነበረች። ባልየው ደጃፉ ላይ ወድቋል፤ ያስመልሰዋል፣ ምላሱ ተሳስሯል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ታክሲ ጠርተው ሆስፒታል ወስደውታል። ኤክስሬይ እንዴት አድርጋ ከፋብሪካው እንደወጣች አታስታውስም። የምታስታውሰው ሐኪሟን ነው፤ ልጇን የምታህል፣ ጓንቷን ያላወለቀች።

«የበሉት ነገር ነው» አለቻት። «ጨጓራቸውን አጥበናል። ያወጡት ቅጠል ነገር ነው። ምን እንደበሉ ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ» አለች ኤክስሬይ። «ማን እንዳበላውም አውቃለሁ።»

ከሆስፒታል በቀጥታ ቤት ሄዳ ምድጃው ላይ የቀረውን ድስት በፎጣ ጠቅልላ፣ ሰማያዊውን ጥብጣብ ከመሳቢያ አውጥታ ፖሊስ ጣቢያ ገባች። ተረኛው ሳጅን ጠረጴዛ ላይ ድስቱንና ጥብጣቡን ጎን ለጎን አስቀምጣ ከስምንት ዓመት በፊት ጀምራ፣ አንድም ነገር ሳታስቀር ተረከችለት። ሰውዬው ጽፎ ጽፎ ሲጨርስ «እናቴ፣ የት ነበር የሚሠሩት?» ብሎ ጠየቃት።

«ፍተሻ።»

«ገብቶኛል» አለ።

ሴትዮዋን ገበያ ውስጥ አገኟት፤ አትክልት ተራ መጨረሻ ላይ ጆንያዋን ዘርግታ። ኤክስሬይ አብራ ሄዳ ነበርና በጣቷ አሳየች። ገበያው ሁሉ ቀጥ አለ። ሴትዮዋ ከመቀመጫዋ ሳትነሳ አየቻት፤ ልክ እንደዚያን ጊዜው።

«እትዬ፣ ለጋሼ ካልሸጥኩላቸው ሳምንት አልፎኛል እኮ» አለች ቀስ ብላ።

«የእኔ ባል መሆኑን በምን አወቅሽ?» ብላ ኤክስሬይ ጮኸች። «ሰማችሁ? ታውቀው ነበር! እያወቀች ነው!»

ሴትዮዋ ጆንያዋን አስራ ተነሳች። ሲወስዷት አንዲት ሽንኩርት ሻጭ የያዘችውን የቀጮ እስር እንደ እባብ ወርውራ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ከአንድ ሰዓት በኋላ ከተማው ሁሉ ሰምቷል፤ ባለቅጠሏ ሰው መረዘች።

ባልየው ሁለት ቀን ራሱን አያውቅም ነበር። ኤክስሬይ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የግሉኮሱን ጠብታ ስታይ ዋለች፤ ነርሷ ከረጢቱን በቀየረች ቁጥር ጽሑፉን ታነባለች። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ዓይኑን ገለጠ። ውሃ ጠየቀ። ጠጣ።

«ይዘናታል» አለችው፣ እጁን ይዛ። «አይዞህ። ታስራለች።»

«ማን?»

«ሴትዮዋ ናታ!»

ከንፈሩ ደርቋል። «ምን አርጋ?» አለ።

«መርዛህ ነዋ!»

«እኔ ነኝ» አለ። «እኔው ራሴ ነኝ የለቀምኩት። ከመጋዘኖቹ ጀርባ። ከእሷ አትግዛ አልሽኝ፤ አልገዛሁም። አጠገቧ አትድረስ አልሽኝ፤ አልደረስኩም። አትብላ ግን አላልሽም።»

ኤክስሬይ እጁን ለቀቀች። በመጀመሪያ ወደ ልቧ የመጣው ምን ነበር ቢባል ጸጸት አልነበረም። ሊያድናት ነው፣ አለች በሆዷ። ሞት አፋፍ ላይ ሆኖ እንኳ ለዚያች ሴት ይዋሽላታል። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

መጋዘኖቹ ከባቡር ሐዲዱ ወዲያ ናቸው፤ ግማሾቹ ጣሪያቸው ወልቋል። በስተጀርባቸው የተሰነጠቀ ረዥም የግንብ አጥር አለ፤ እሱን ተጠግቶ ቁጥቋጦ በቅሏል። ኤክስሬይ እንደ ሥራዋ አደረገች፤ ከአንድ ጫፍ ጀምራ ወደ ሌላው፣ ምንም ሳትዘል። ሦስተኛው ቁጥቋጦ ጋ ስትደርስ ለጋ ጫፎቹ በቢላ አግድም የተቆረጡ ሆነው አገኘች። እሱ እንደዚያ ነው የሚቆርጠው፤ ሽንኩርትም ቢሆን። መሬቱ ላይ የደረቀ ጭቃ ውስጥ የጫማ ዱካ አለ፤ የግራው ሶል ፊቱ ተበልቷል፣ ያ የሹፌርነት ጫማው፣ ስንት ዓመት ፍሪሲዮን የረገጠበት፣ ጣለው ብትለው እምቢ ያለው። ጎንበስ ስትል ደግሞ ከሥሩ የሚያብለጨልጭ ነገር አየች። የማንበቢያ መነጽሩ ነው። ሰውዬው ያለ መነጽር የራሱን ጣት እንኳ አጥርቶ አያይም።

እጇን ዘርግታ አንድ ለጋ ጫፍ ያዘች። አጠፈችው። ተለመጠ። ደግማ አጠፈችው፤ ድምፅ የለም። እንደ ጎማ ዞሮ ጣቷ ላይ ተኛ።

እዚያው ግንቡን ተደግፋ ቁጭ አለች። ከዚህ በኋላ ምንም ብታዞረው የሚዞር ነገር አልነበረም። ከሴትዮዋ እንዳይገዛ ያስማለችው እሷ ናት። ቅጠሉን ከምታውቀው ሴት ከልክላ ወደማያውቀው ቁጥቋጦ የሰደደችው እሷ ናት።

ሳጅኑ መነጽሩንና የተለመጠውን ቅርንጫፍ ጠረጴዛው ላይ ሲያይ ብዕሩን አስቀመጠ።

«እናቴ፣ ከሳሽም እርስዎ፣ መርማሪም እርስዎ፣ አሁን ደግሞ ጠበቃም እርስዎ ሊሆኑ ነው?»

«ፍታት» አለች ኤክስሬይ። «የምፈርመውን ስጠኝ።»

ሴትዮዋ ስትወጣ ጀንበር ገና አልጠለቀችም ነበር። ጣቢያው በር ላይ ጫማዋን እያጠለቀች ኤክስሬይን አየቻት፤ አላለፈቻትም፣ ሰላምም አላለቻትም።

«ጋሼ ተረፉ?» አለች።

«ተረፈ። እሱ ራሱ ነው የለቀመው። መነጽሩን ጥሎ።»

«ዲዳውን?»

«አዎ።»

«ጆሯቸውንም ጥለው ነበር ማለት ነው» አለች ሴትዮዋ፤ አልሳቀችም።

ኤክስሬይ ይቅርታ ልትል መጥታ ነበር፤ ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነው። «የእኔ ባል መሆኑን እንዴት አወቅሽ?»

«በመጀመሪያው ቀን ነገሩኝ። ‹ሚስቴን ኤክስሬይ ነው የሚሏት› ብለው እየሳቁ። ኩራት ይመስል ነበር።»

«እና እያወቅሽ ሸጥሽለት?»

«ቅጠል ፈልገው መጡ፤ ቅጠል ሸጥኩላቸው።»

«ቂም አልያዝሽብኝም?»

«ያዝኩ እንጂ! አንድ ሁለት ዓመት አጥብቄ ያዝኩ። ከዚያ ሥራ በዛብኝ፣ ልጆችም አሉኝ፤ ተውኩት።» የጫማዋን ማሰሪያ አጥብቃ ቀና አለች። «ደግሞ ያኔ ሰርቄ ነው። እውነትዎን ነበር። የሚቆጨኝ የአሁኑ ነው፤ አሁን ምንም አላደረኩም።»

ኤክስሬይ ሰማያዊዋን ጥብጣብ ከቦርሳዋ አወጣች። «ይቺስ? ያን ቀን ሙሉውን ተቀብዬሻለሁ።»

ሴትዮዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «የያዙኝ በሦስተኛው ቀን ነው፣ እትዬ። በፊት ሁለት ቀን አልፌያለሁ።»

«በእኔ እጅ?!»

«በእርስዎ እጅ።»

«እንዴት አድርገሽ?»

«እሱንስ አልነግርዎትም» አለችና መንገዷን ጀመረች። ኤክስሬይ ያን ያህል ጉድ በአንድ ሳምንት ደርሶባት የዚያን ዕለት እስክትተኛ ድረስ ያብሰለሰለችው ይህችኑ ነው፤ ሁለት ቀን፣ በየት በኩል?

ሰኞ ከሥራ ስትወጣ በገበያው በኩል ዞረች። ሴትዮዋ ቦታዋ ላይ ናት፤ ጆንያዋም እንደተሞላ ነው። ሰው ሲያልፍ ገለል ይላል። አንዷ «ተፈታች እንዴ?» ስትል ሌላዋ «ዘመድ ሳይኖራት አይቀርም» ትላለች። ማክሰኞም እንደዚያው። ረቡዕ የጠወለገው ቅጠል ከጆንያው ሲራገፍ አየች። ሐሙስ ኤክስሬይ ፊቷ ሄዳ ቆመች።

«ምን ላድርግልሽ?» አለቻት።

ሴትዮዋ ቀና ሳትል «ጣትዎን የቀሰሩት እዚህ ነው» አለች። «አፍዎንም እዚሁ ይክፈቱ።»

ቅዳሜ ጠዋት ኤክስሬይ ከቤቷ በርጩማ ይዛ መጥታ ከሴትዮዋ አጠገብ ተቀመጠች። ገበያተኛው ሁሉ አፍጥጦ ያያታል። ፊቷ ፍም መሰለ፤ ሰው ፊት ቆማ ራሷ ስትፈተሽ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ጆንያውን ወደ እሷ ሳበችና እንደምታውቀው አድርጋ ጀመረች፤ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ፣ አንድ አነሳች፣ ገለበጠች፣ አጠፈች። ቀጭ። ወደ ቀኝ። ሌላ አነሳች። ቀጭ። ግማሽ ጆንያ ስትጨርስ ሰው ከቧት ነበር። ከፋብሪካው የመጡ ልጃገረዶችም አሉበት፤ እርስ በርስ ይጎሻሸማሉ።

«ስሙ!» አለች ኤክስሬይ። «ባሌ መርዝ የበላው ከዚህች ሴት ገዝቶ አይደለም። በራሱ እጅ ለቅሞ ነው። እንዳይገዛት የከለከልኩት እኔ ነኝ። በሐሰት ያሳሰርኳትም እኔ ነኝ።» ከቀኙ ክምር አንድ ለጋ አንስታ አፏ ውስጥ ከተተች። አላመጠች። በእርግጥም አተር አተር ይላል፤ ትንሽ ይጎመዝዛል። ሁሉም ጉሮሮዋን ሲያዩ ዋጠችው።

ከልጃገረዶቹ አንዷ «ኤክስሬይ ያሳለፈችውንማ እኔም እበላለሁ» ብላ አንድ እስር አነሳች፤ ሳቅ ሆነ። የሳቁት ሁሉ ግን አልገዙም። ሽንኩርት ሻጯ እስከ ዛሬም ቀጮ አትነካም። አንዳንዱ ለወራት እያየ አለፈ። እየቆየ ግን ጆንያው ወደ ቀድሞው መጠን ተመለሰ፤ ኤክስሬይም ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች መምረጡን ቀጠለች። ማንም ነይ አላላትም፣ ማንም አትምጪ አላላትም።

ባልየው ከሆስፒታል ወጥቶ ሦስት ወር ያህል ደከመው። ቀጮ እንደገና የበላው ሚስቱ ራሷ አብስላለት ነው፤ ቀድማ ቀመሰችና ሰሃኑን ገፋችለት። እሱ ሰሃኑን ጥቂት ካየ በኋላ «ስንት ደቂቃ እንጠብቅ?» አላት። ጠበቁ። ከዚያ በላ። ኪሱን መገልበጥ ግን አልተወችም፤ እሱም ልማድ ሆኖበት ሲገባ ኪሶቹን ራሱ ገልብጦ ያሳያታል።

ሁለቱ ሴቶች ወዳጅ ሆኑ ማለት ያስቸግራል። ቡና ተጠራርተው አያውቁም። ኤክስሬይ እስከ ዛሬ ሴትዮዋ ቅጠሉን የምትለቅምበትን ቦታ በየጊዜው ሄዳ ታያለች፤ ሴትዮዋም ታውቃለች፣ አንዳንዴ እጇን ታውለበልብላታለች። ባለፈው ዓመት ገበያው ሻጮችን ሲመዘግብ ጸሐፊው መጥቶ ሴትዮዋን ስለ ቦታው ጠየቃት፤ ጽፎ ሲጨርስ በብዕሩ ጫፍ ወደ ኤክስሬይ አመለከተ።

«እኚህስ ምንሽ ናቸው? እህትሽ ናቸው?»

ሴትዮዋ «አይደሉም» አለች። «ከሳሼ ናቸው።»

ጸሐፊው የሚጽፈው ጠፍቶት ቀና ብሎ ሁለቱን አየ። ኤክስሬይ አንገቷን አቀርቅራ ቅጠሏን እየቀነጠሰች ነበር። «ረዳት ብለህ ጻፍ» አለችው፣ «ዝርዝሩን ኋላ እነግርሃለሁ።»